አንድ ግራም ስለሚመዝነው ጥቅልና ስለ እትዬ ቁልፍ ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎት እንዲቆይ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የታካሚዎች ቀጠሮ ፕሮግራም ሠራተኛ ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት፣ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስቱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ላይ በመሆናቸውና እነሱን መቀስቀስ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

ባለፈው ስብሰባ እንዳስረዳንዎት፣ ፕሮግራማችን ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። ቀን መቁጠሩንም መልእክት መላኩንም ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሁሉም ካስቀመጧቸው ትንንሽ የሶፍትዌር ጥቅሎች ይዋሳል፤ እነዚያም በተራቸው ከሌሎች ይዋሳሉ። ማለዳ ማለዳ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይገነባል። በዚህ ሥራ ላይ ስላደረጉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለእያንዳንዱ ጥቅል የዕቃ መረከቢያ ቅጽ እንድንሞላ ስላዘዙ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሞልተናል። «ክብደት በኪሎ» በሚለው ቦታ ዜሮ ብጽፍ ጉድለት አለበት ተብሎ ተመለሰልኝ፤ አንድ ግራም ብዬ ብዋሽ በዕለቱ ጸደቀ።

፪. «ሆስፒታላችን አሮጌ ነገር አይጠቀምም» ብለው፣ የጥቅሎቹን የተፈተሹ ቨርዥኖች፣ ማለትም እትሞች፣ ያልተፈተሸ አዲስ እንዳይገባ ቆልፈን የምንይዝበትን ፋይል አስጠፍተው፣ ሁልጊዜ አዲሱ ብቻ ይምጣ ስላሉ። በሦስተኛው ማለዳ አዲሱ የቀን ጥቅል መጣ፤ ወርና ቀን አቀያይሮ መጣ። በሦስተኛው ወር በአራተኛው ቀን ለኩላሊት እጥበት የተቀጠሩ አንድ አዛውንት፣ በአራተኛው ወር በሦስተኛው ቀን እንዲመጡ መልእክት ደረሳቸው። ሆስፒታል ያለውን አምነው ቤታቸው ቁጭ አሉ። ልጃቸው እብጠታቸውን አይታ ተሸክማ ባትሮጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎት የሐዘን መግለጫ ነበር። እዚህ ላይ ሽሙጥ አልመጣልኝም፤ ፈርቻለሁ፣ ተናድጃለሁም።

፫. ጥፋተኛ ስላገኙልን። ባልደረባችን እትዬ ቁልፍ (ቨርዥን ሳይቆልፉ ወደ ቤታቸው ስለማይሄዱ ያወጣንላቸው ስም ነው) ፋይሉ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ለምነውዎት ነበር። አዛውንቱ በመጡ ዕለት ፋይሉን ከመጠባበቂያ ቅጂ መልሰው ቀጠሮዎቹን አቃኑ። ለዚህም «ያለ ፈቃድ አሮጌ ነገር ሥራ ላይ በማዋል» የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ሐሙስ ከሰዓት የስንብት ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ሰው በዚህ እንጀራቸውን ሊያጡ ነው።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላቸው በትሕትና እለምናለሁ። ይህ የማይመችዎት ከሆነ ኮሚቴው ሁለተኛ ወንበር ያዘጋጅ፤ ፋይሉ ሲመለስ፣ እሳቸው እየነገሩኝ የመመለሻውን ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የመጣለትን መመሪያ ሁሉ ሳይፈትሽ ተቀብሎ ለኖረውና አሁን ለሰለቸው ትሑት አገልጋይዎ መልካም ፈቃድዎ ይሁን፤
የቀጠሮ ፕሮግራም ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ለመላው ሠራተኛ የላኩት «አዲሱ መመሪያችን ፍሬ አፈራ፤ ፕሮግራሙ ያለ እንከን እየሠራ ነው» የሚለው ደብዳቤ ደርሶናል። እየሠራ ያለው እትዬ ቁልፍ በመለሱት ፋይል ነው። ሐሙስ ጠዋት ለእጥበት የተቀጠሩ አሥራ አንድ ታካሚዎች ስላሉ፣ ፋይሉ ከዚያ በፊት ይጥፋ የሚሉ ከሆነ ትእዛዙን በራስዎ ፊርማ ይላኩልን።