የብረት ክንድ ያላት መኪና

መስከረም 12 ቀን 1965፣ ቡታጅራ

እንሴኖ ዋልኩ። ባሕር ዛፍ ስንጥል... ከሥሩ መቁረጥ ነው፤ ቀላል። ምሳ ቆጮና ጎመን። ከሰዓት አንድ ሰውዬ መጣ። ጣሪያው ላይ የተንጋደደ ቅርንጫፍ አለ፤ "ወጥተህ አውርድልኝ" አለኝ። መጋዙ ዶልዱሟል አልኩት። አልዶለዶመም። ትናንት ነው የሞረድኩት።

የሥራ ጓደኛዬ ሽባባው ክረምት ላይ ከወደቀ ወዲህ አንድ ዛፍ ላይ አልወጣሁም። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማሁ፣ ዞር ስል እሱ የለም... እኔ ከዚያ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ለመንበረ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ዛፍ የሚፈራ ዛፍ ቆራጭ ነው ያገባሽው ልበላት?

መስከረም 15

ጋሼ ባልቻ ለመስቀል ከመርካቶ ገቡ። አጎቴ ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ግን እንደ አባት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ለመንበረ ነጠላ፣ ለእኔ ጫማ። እግሬን ሳይለኩ ይገዛሉ። ሁልጊዜ ይጠበኛል። ሁልጊዜ ልክ ነው እላለሁ።

መስከረም 18

ክትፎው ላይ ጋሼ አንድ ሐሳብ አመጡ። ወልቂጤ አንድ መኪና አለ አሉ፤ የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ የነበረ የውጭ ኩባንያ ጥሎት የሄደ። ጀርባው ላይ ረጅም የብረት ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምበት ቅርጫት።

"ሽባባውን የበላ ሥራ አንተንም እንዲበላህ አልፈልግም። ከእንግዲህ እንደ ጦጣ መንጠላጠል የለም። ቆመህ ትቆርጣለህ።"

መንበረን ደስታው አስለቀሳት። እጃቸውን ሳመች። እኔም ሳምኩ።

ጥቅምት 6፣ ወልቂጤ

በአዲስ አበባ ዞረን መጣን። መኪናዋን አየናት። አረንጓዴ፣ ቀለሟ የተላጠ። ሸምሶ የሚባል ሹፌር ይጠብቃታል። ማንሻውን ሲጎትት ክንዷ ቀስ ብላ ተዘረጋች... ከጣሪያው በላይ፣ ከዚያም በላይ።

"ግባ እስቲ" አሉኝ ጋሼ።

ሆዴን አሞኛል አልኩ። ሸምሶ አየኝና ክንዷን መልሶ አወረደ።

ኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። "ይቺን የጎማ ቱቦ ታያታለህ? ክንዷን የሚያነሳው ዘይት በዚች ነው የሚሄድ። አርጅታለች። ካልተለወጠች አንድ ቀን ሰማይ ላይ ታስቀርሃለች። ሻጩ አይነግርህም፤ እኔ ነገርኩህ።"

ጋሼ መጡ። "እህ? ምን ትላለህ? ሥራው ያንተ ነው። አይሆንም ካልክ ትቅር።"

እምቢ የምልበትን በር እሳቸው ራሳቸው ከፈቱልኝ... አይሆንም ብል ገመድና ዛፍ። ይሁን ብል ቅርጫት። የቱ ይሻላል?

"ጥሩ ናት" አልኩ። "የዘይት ጎማዋ ብቻ ትለወጥ።"

"አዲስ አበባ ይፈለጋል" አሉ። ተገዛች። ሸምሶም አብሯት መጣ።

ጥቅምት 14

ቡታጅራ ገባች። ከተማው ወጣ፤ ዕልልታው! ጋሼ በመኪናዋ በር ላይ "ገሠሠና አጎቱ" ብለው አስጽፈውበታል። ስሜ ፊት ነው። ጎማው አዲስ አበባ አልተገኘም፤ ይመጣል ተብሏል።

ጥቅምት 20

ወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በቅርጫቱ ወጣሁ፤ ቆርጬ ወረድኩ። ከመኪናዋ ኋላ ሄጄ አስመለሰኝ። መንበረ አየችኝ። "ሥጋው ነው" አልኳት።

ጥቅምት 27

ነገም ሥራ አለ። ከነገ ወዲያም አለ።

ኅዳር 9



ትናንት የቤተ ክርስቲያኑን ጽድ ልንቆርጥ ሄድን። ግማሹን ነፋስ ሰብሮት ጣሪያው ላይ ተጋድሟል። ሰው ሞልቷል። ጋሼም ሥራውን ሊያዩ መጥተዋል። የሽባባው ሚስት እሌኒም ነበረች፤ ባሏ የተቀበረው እዚያው ግቢ ነው።

ቅርጫቱ ላይ ሆኜ ሁለት ቅርንጫፍ እንደጣልኩ ከታች ጧ! አለ። ዘይት ተረጨ። ክንዷ ባለችበት ቀረች።

"ገሠሠ! ጎማዋ ፈነዳች!" ሸምሶ ነው።

ሰዉ ግን አልደነገጠም። ጤነኛው ግንድ እጄ የሚደርስበት ነው። "ተሻገርና ውረድ! ለአንተ ምን አላት?" ጋሼም፣ "ና እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

እጄን ዘረጋሁ። ቅርፊቱን ነካሁት። እግሬ እምቢ አለ። እንደገና ሞከርኩ... ቅርጫቱ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

"ምን ሆንክ?" አሉ ጋሼ።

"አልችልም!"

"ምን?"

"እፈራለሁ! ሽባባው ከወደቀ ጀምሮ እፈራለሁ! ዛፍም አልወጣም፣ በዚችም አልወጣም!"

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው "ዝም በል!" አለው።

እሌኒ ከሰው መሀል ወጥታ ከቅርጫቱ ሥር ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ...

"ታዲያ ማን ውጣ አለህ?" አለችኝ። "አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ቁጭ በል። ያወርዱሃል።"

ሸምሶ ከክንዷ ሥር ብሎን እያላላ ዘይቱን በትንሽ በትንሹ አፈሰሰው። ክንዷ እያቃሰተች ወረደች። መሬት ስረግጥ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እሌኒ እስከዚያ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ ግን ሳይሰናበቱኝ ሄደዋል።

ከሰዉ መሀል የነበረችው መንበረ ይዛኝ ሄደች። ቤት ስንገባ፦

"ሥጋው ነው ያልከኝ... ይሄ ነበር?"

"ይሄ ነበር።"

ጫማዬን አወለቀችልኝ።

ኅዳር 21

መኪናዋ ደጃችን ቆማለች። ገበያ ስወጣ "ገሠሠ፣ ወረድክ እንዴ?" ይሉኛል። ይስቃሉ። ይሳቁ። ከጋሼ ወሬ የለም። መንበረ ይመጣሉ ትላለች። ቢመጡ ምን እላለሁ?

ታኅሣሥ 6

መጡ። መኪናዋን ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ሸጠዋታል፤ ክንዷን ነቅሎ ዕቃ ሊጭንባት ነው። ሸምሶ ይዟት ሄደ። ደጃችን ሰፋ።

ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንተ ደግሞ መርካቶ ትመጣለህ። ሱቄን ትይዛለህ። ቤት አዘጋጅቻለሁ፣ ሰኞ ትነሳላችሁ።"

ለእኔው ብለው ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። መንበረ አየችኝ።

"አልመጣም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ሱቅ አልችልም ጋሼ። ጥያ ከተማ ጣውላ ከሚሰነጥቅ ሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ። መሬት ላይ ያለ ሥራ ነው። እግዜር ይስጥልኝ... ግን አልመጣም።"

 ጋሼ በበሩ በኩል ባዶውን ደጅ አዩ።

"ወልቂጤ ላይስ? አይሆንም ካልክ ትቅር ብዬህ ነበር እኮ።"

"አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

"እኔን ፈርተህ?"

"አይ... ደስ ብሎዎት ነበር።"

አንገታቸውን ደፉ። ምሳ ቀረበ፤ በሉ። እየበሉ ስለ ጣውላ ጠየቁኝ። ለበር የትኛው እንጨት ይሻላል? ጽድ ነው ወይስ ወይራ? የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። መለስኩላቸው፤ አዳመጡኝ።

ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው። ሁልጊዜ ሲለዩኝ ግንባሬን ይስሙኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ጎንበስ አልኩ። አልሳሙኝም። ቀና ስል ከእኩያቸው ጋር እንደሚያደርጉት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ጨበጥኳቸው።