በእስክሪብቶ የተጨመረው ስም

ጅማ፣ ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

የጥናት መጽሔታችንን የድሮ እትሞች ኮምፒውተር ላይ አስገብተን ልንጨርስ አንድ ብቻ ቀርቶን ነበር። የተቀመጠበት ሲዲ አልከፈትም አለ፤ የወረቀት ቅጂውም ከመደርደሪያው ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ሰኮሩ ድረስ ሄጄ ከጋሽ ታደሰ ተዋስኩ። ጡረታ የወጡ የቡና ተመራማሪ ናቸው፤ እትሙ ላይ ጽሑፍ አላቸው። እንደ ተማሪ ደብተር በላስቲክ ሸፍነው ነው ያቆዩት።

ስገልጠው ከስማቸው ቀጥሎ በእስክሪብቶ «እና አባ ኦሊ» የሚል ተጽፏል።

«በሽታ የማይነካቸውን ዛፎች ለይቶ ያሳየኝ እሱ ነው» አሉኝ። «ያኔ ገበሬ ነው ብዬ ስሙን ተውኩት። አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገቢው እሱንም አስገቢልኝ፣ ልጄ።»

«የአባታቸው ስም ማን ነው?» አልኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የምንሞላው ቅጽ ያለ አባት ስም አያልፍም።

«አገሩ ሁሉ አባ ኦሊ ነው የሚለው። እኔም ሌላ ስም ጠይቄው አላውቅ። አሁን ደግሞ ሞቷል።»

እሺ ብያቸው መጣሁ።

ከሰዓት ገጾቹን ስካን አደረግኩ። መመሪያው እንደታተመው መዝግቡ ስለሚል በጸሐፊ ቦታ የጋሽ ታደሰን ስም ብቻ ሞላሁ። የእስክሪብቶው ጽሑፍ ምስሉ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ኮምፒውተሩ ላይ አባ ኦሊ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ግን ምንም አይመጣለትም። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ መጽሔቱን እመልሳለሁ። ገና ከበሩ «ገባ?» ማለታቸው አይቀርም።