ስሟን ይጥለፉልኝ

ኅዳር 12 ቀን፣ እሁድ ከሰዓት

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሳሉም ለቆኛል፤ የላክሽልኝን ሹራብ ከላዬ ላይ አላወልቀውም።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ይሄ አራተኛው ነው። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እስር ቤቱ ውስጥ የጨርቅ ቦርሳ ስንሰፋ እንደከረምን ነግሬሽ ነበር። ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ እየገጣጠምን፣ ገበር እያለበስን፣ ማንገቻ እያበጀንለት መቶ ሃያ አደረስን። ሽያጩ ለታመሙ ሕፃናት መርጃ ነው። አጠገቤ የምትሰፋው፣ እኛ «ምላስ» የምንላት፣ አንዱን በጨረስን ቁጥር «ይኸው፣ ይሄም ከእኛ ቀድሞ ተፈታ!» ትላለች። እንስቃለን። ምን እናድርግ?

ቦርሳው ለሚሸጥበት ባዛር ሁለት ሰው ሲመረጥ አንዷ እኔ ሆንኩ። የራሳችንን ቀሚስ አስለበሱን። ጠባቂዋም ያለ ደንብ ልብስ ከኋላችን ተቀመጠች። ላየን ሰው ሦስት ባለሱቆች ነው የምንመስለው።

ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር እየተንጫጩ ገቡ። አንዷ እኛ ጠረጴዛ ጋ ቆመች። ቢጫውን ቦርሳ አነሳች፤ ዚፑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ገልብጣ ገበሩን አየች። እማዬ፣ ያቺ ግንባሯ ላይ የምትቆመው ፀጉር! ገና በሁለት ዓመቷም ውሃ ቢቀቧት አልተኛም ያለችው! በየዓመቱ የምትልኪልኝ ፎቶ ባይኖር እንኳ ልጄን፣ ሚጣዬን አልስታትም ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የሰፉት?» አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። ጥሩ አድርገሽ አሳድገሻታል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለእናቴ ልገዛው ነው። ውጭ አገር ናት። ቢጫ ትወዳለች፤ አያቴ ነግራኛለች። ስሟን ይጥለፉልኛል?»

ለጠየቀን ሁሉ እንጠልፍ ስለነበር መርፌና ክሩ እጄ ላይ ነው። «ማን ልበል?» አልኳት። ስሜን ነገረችኝ። እንዳልሳሳትባት ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ።

ጠለፍኩት። ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት።

«ደግሞ ጣትዎን ወጉት!» አለች።

«በርዶኝ ነው።»

«ይሞቃል እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። የፊት ጥርሷ ገና እየበቀለ ነው።

እዚያው ልነግራት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ጠባቂ ከኋላዬ፣ ጓደኞቿ ከጎኗ፣ ምን ብዬ? «እናትሽ ሰው ገጭታ፣ መንገድ ላይ ጥላው የሄደች ናት» ልበላት? ዋጥኩት። ጠባቂዋ ሳይገባት አልቀረም፤ ዘወር ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

አስተማሪዋ ስትጠራት ቦርሳውን አንገቷ ላይ አጥልቃ ሮጠች። ትንሽ ሄድ ብላ ደሞ ተመለሰች።

«እናቴ ስትመጣ፣ የሰፉላት እርስዎ እንደሆኑ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት» አልኳት።

እማዬ፣ ይኼኔ ጥልፉን አይተሽ የማን እጅ እንደሆነ ለይተሽዋል። ወደ ጓዳ ገብተሽ እንዳለቀስሽም አውቃለሁ።

«እዚህ እንዳታመጪብኝ፣ ውጭ አገር ናት በያት» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ውሸት የማያውቀውን አፍሽን ስድስት ዓመት አስዋሸሁት። ለልጅቷ ብዬ ነው እልሽ ነበር። አይደለም። ዓይኗን ፈርቼ ነው። ያን ሰውዬ ጥዬው የሄድኩትም ፈርቼ ነው። ቆሜ ቢሆን ይተርፍ ነበር ብለዋል ሐኪሙ፤ ይሄን እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነበር።

አሁን ንገሪያት። አታሳምሪልኝ፣ አትቀንሺልኝ። ያቺ ስሟን የጠለፈችልሽ ሴትዮ ራሷ እናትሽ ናት በያት። መጠየቂያ ቀናችን የወሩ መጨረሻ እሁድ ነው። ልምጣ ካለች ይዘሻት ነይ። አልመጣም ካለች አታባብያት፣ አትቆጫት። አንቺ ብቻሽን ነይና፣ ያለችውን ሁሉ ቃል ሳታስቀሪ ንገሪኝ።

ጉልበትሽን እስማለሁ። ያስቀየምኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ፤ ዕድሜሽን አርዝሞ አንቺን ለመጦር ያብቃኝ። ስትተኙ አንዴ ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከማን ነው ብትልሽ፣ ምን እንደምትያት አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅሽ