«ገብቷል» ያሉኝ ቀን

ውድ ልጄ፣ ሎጋዬ፣

የሞትህ ወሬ ቤቴ የደረሰ ዕለት ጠዋት አልጋህን እያነጠፍኩ ነበር። አብዳለች አትበለኝ፤ ምክንያት ነበረኝ። ትራንዚተሩ፣ ያ መኪናህን ከጉምሩክ እንዲያወጣልህ የተዋዋልከው ሰውዬ፣ በጠዋት ደውሎ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ገብቷል» አለኝ። ሌላም ነገር ሊል ነበር፤ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ተነሳሁ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በመስኮት ነገርኳት። ለአንተ ብዬ ያስቀመጥኩትን አንሶላ ከቁምሳጥን አወጣሁ። እግርህ ከአልጋው እንደሚያልፍ ስለማውቅ ከግርጌ በርጩማ አስጠጋሁ።

አንተ መኪናህን ሁልጊዜ «እሷ» ነበር የምትላት። «እሷን መርከብ ላይ ጫንኳት፤ እኔ ሥራዬን አስረክቤ በአውሮፕላን እከተላታለሁ» ነበር ያልከኝ። ሰውዬው «ገብታለች» ቢለኝ ኖሮ መኪናዋ መሆኗን አውቅ ነበር። እሱ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ሰው «ገብቷል» አለ። እኔ ቤት ደግሞ የሚጠበቀው «እሱ» አንድ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አጎትህ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነውና ፊቱን ማንበብ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ደስታዬ ጋረደኝ። «እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ። ልጄ ገብቶ ምን ያስቀምጠኛል አልኩት።

እሱም ለአንድ አፍታ አመነኝ። ፊቱ ወገግ አለ።

«ማን ነገረሽ?»

«ትራንዚተሩ።»

ወገግ ያለው ፊት ሲከስም አየሁት። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁም። መስማትም አላስፈለገኝም።

ዝርዝሩን ቆይተው ነገሩኝ። መኪናህ ባሕር ላይ ስለነበረች ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት በእግርህ ትመላለስ ነበር። በማለዳው ጭጋግ መንገድ ስታቋርጥ የሰው መኪና ገጨህ። «የራሱን ልኮ በሰው መኪና ሞተ» እያሉ ሲያወሩት ተረት ያስመስሉታል። እጅህ ላይ የነበረው ገንዘብ ሁሉ ለመርከቡ ስለወጣ ጓደኞችህ እዚያው ቀበሩህ። እሷ መጣች፤ አንተ ቀረህ።

ሎጋዬ፣ በአንተም ተናድጃለሁ። በሙት መናደድ ነውር ከሆነ ይሁን። ዓምና «በቃኝ፣ ልመጣ ነው» ብለኸኝ ቤቱን ቀለም አስቀብቼ ነበር። ከዚያ አጎትህ ደወለልህ። ሰው ከውጭ ባዶ እጁን አይገባም አለህ። ትንሽ ብትታገሥ ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው የሚፈቀደው ጊዜ ይሞላልህና መኪናህን ያለ ቀረጥ ታስገባለህ አለህ። እኔ በለበስከው ሸሚዝ ና አልኩህ። ሳቅህብኝ።

«እማ፣ በሸሚዝ ብመጣ ሰፈሩ ተባሮ ነው ይለኛል። እሷን ይዤ ስመጣ ግን አንቺ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላ፣ አፉን ዘግቶ።»

የፈራኸው ሰፈር ለቅሶህ ላይ ተቀምጦ ስለ ቀረጥ ሲያወራ ዋለ። ስንት በር እንዳላት፣ ነዳጅ ትበላ እንደሆነ ይጠያየቁ ነበር። አንተ ምን ትበላ እንደነበር የጠየቀኝ የለም።

እንባዬ ሳይደርቅ ትራንዚተሩ ለአጎትህ ሕጉን አስረዳው። መኪናዋ ያለ ቀረጥ የምትለቀቀው ባለቤቱ አገር ገብቶ በአካል ሲቀርብ ነው። ካልቀረበ በሐራጅ ትሸጣለች። «በአካል» የሚለውን ቃል በደጋገመው ቁጥር ጆሮዬን መድፈን አማረኝ።

አጎትህ መላ አያጣም። የገዛ ልጁን ታውቀዋለህ፤ አንተን ከመምሰሉ የተነሳ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰፈሩ «ፎቶኮፒ» የሚለው። ፓስፖርትህን ጓደኞችህ ከሻንጣህ ጋር ልከውልን ነበር። ፎቶኮፒ እሱን ይዞ አንተን ሆኖ ይቀርባል፤ የጎደለውን የመግቢያ ማኅተም ትራንዚተሩ ያስመታል፤ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። እናቱ አጠገቡ የቆመችን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

«አንዲት ቃል አትተነፍሺም» አለኝ አጎትህ። «ለልጅሽ ላብ ስትይ ነው።»

የአንተን ላብ ስለጠራብኝ ሄድኩ። የነካሃት መሪ የማንም እጅ ላይ ከምትወድቅ ብዬ ሄድኩ። ፎቶኮፒ ከሻንጣህ የወጣውን ጃኬት ለብሶ ነበር፤ እጅጌው ረዝሞበት ደጋግሞ ይሰበስበዋል። ከኋላው ስሄድ አንገቱ አንተን ይመስላል፤ አረማመዱ ግን የሌላ ሰው ነበር።

የጉምሩኩ መስኮት ላይ የተቀመጠችው መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ነበረች። ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱን መልሳ ገፋችው።

«ፎቶኮፒ አንቀበልም። ዋናው ይቅረብ።»

ልጁ ክው አለ። ስለ ወረቀቱ መሆኑ እስኪገባው ድረስ ላብ አጠመቀው። እኔን ሳቅ አፈነኝ፤ ከሞትህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጉሮሮዬን እንደ ኮሶ እያመረረኝ ወረደ። ትራንዚተሩ ዋናውን ወረቀት ከቦርሳው አወጣና ሰጣት።

ሠራተኛዋ ማኅተሙን አነሳች። ከመምታቷ በፊት ግን ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ብትናገረኝ እችለው ነበር። እሷ ፈገግ አለችልኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ በሰላም ገባልዎት። የእኔም ወንድም ውጭ ነው፤ እናቴ እንዲህ አጠገቡ የምትቆምበትን ቀን ነው የምትናፍቀው።»

«ልጄ አልገባም» አልኳት። «ልጄ ሞቷል።»

ሰው ሲለው እሰማ ነበር እንጂ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በራሴ አፍ ብዬው አላውቅም ነበር። ሳልቀብርህ መቅረቴ አንሶ፣ ለቀረጥ ብዬ በሕይወት አለ ማለት አልቻልኩም። ማኅተሙ ቢመታ ለቅሶህ እንኳ በሰነድ ሊከለከል ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ማን ያለቅሳል?

ፎቶኮፒ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አነባ። ትራንዚተሩ የት እንደገባ አላየሁም። ሠራተኛዋ ማኅተሙን አስቀመጠች፤ ወረቀቶቹን ሰብስባ በቀስታ ወደ እኔ ገፋቻቸው።

«እኔ ይህን ልጅ አላየሁትም። ይዘውት ይሂዱ» አለችኝ።

አጎትህ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። የሆነውን ሁሉ ልጁ ነገረው።

«ሁለተኛ ገደልሽው» አለኝ።

«አንተ በመኪና አዘገየኸው» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠም።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ፎቶኮፒ ዘበኛውን ለምኖ ወደ መኪኖቹ ግቢ አስገባኝ። አቧራ ለብሳ ከብዙዎች መሃል ቆማለች። መክፈት አይቻልም፤ በመስታወቱ አየሁ። የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታ የእግርህ ልክ ነው። ምንጣፉ ላይ የጫማህ ዱቄት ደርቋል። ነገ በሐራጅ የሚገዛት ሰው ገና ሳያስነሳት ወንበሩን ወደ ፊት ይስበዋል፤ ምንጣፉንም ያራግፋል። ክፋት አይደለም። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። እኔ ግን ያን ሰው ከአሁኑ ጠልቼዋለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ስጪው ብላኛለች። በቀስታ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ይደክማል፤ ፊደሌም ያረጀ ነው። አንተ ጋ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ የቀረውን የምለው ለሚያነቡት ነው።

እናንተ የምታነቡት ሰዎች፣ ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ረጅም ነበር፤ እናቱ አፈር ሳትመልስበት ነው የተቀበረው። በየምታምኑበት ቦታ ስትቆሙ አንዲት ቃል ስለ ነፍሱ ጸልዩልኝ። ስሙን ባታውቁት ግድ የለም፤ የሚሰማው ያውቀዋል። ስለ መኪናዋ ግን እባካችሁ አትጠይቁኝ። ስለ እሱ ብቻ ጸልዩ።

እናቱ