ለገና ያልቀላችው አበባሽ

ሃዳ ወራ፣ የቤቴ እመቤት ጫልቱዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ከተለየሽኝ ወዲህ አንድ የመቱ ከተማ ክረምት በሙሉ ዘንቦብኛል። መልስ እንደማትሰጪኝ አውቃለሁ፤ ቤት ሳለሽም ትቆጪኝ ነበር እንጂ መች ትመልሺልኝ ነበር።

በቀለም ባልዲ ተክለሽ የተውሽልኝ የገና አበባ አለች። አምና ጥምቀት አልፎ ቀይ ቅጠሏ ሲረግፍ በቢላ አሳጥረሽ በረንዳ ላይ ያኖርሻት ናት። ልጃችን ሌንሳ “አባባ፣ ጣላት፤ ገበያው ፕላስቲክ አበባ ሞልቶታል” አለችኝ። “እናትሽንም በፕላስቲክ ልተካ?” አልኳት። ክረምቱን ከዝናብ እያሸሸሁ አቆየኋት፤ ኅዳር ላይ ሳሎን አስገብቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት።

ገና ደረሰ፣ እንግዳ መጣ፣ እሷ ግን አረንጓዴ ናት። ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ አየቻትና “ጋሼ፣ ለበዓል ጎመን ነው እንዴ የሚያሳዩን?” ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ “እትዬ ጫልቱ፣ አላህ ይማራትና፣ ከኅዳር ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ጓዳ ታስገባት ነበር። አምፖል ካየች አትቀላም ትለኝ ነበር” አለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አመሻሽ ላይ ባልዲውን ታቅፈሽ ስትገቢ “ልጆችሽን እንኳ እንዲህ በጊዜ አስተኝተሽ አታውቂም” እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም።

ከገና ማግሥት ጀምሮ እኔም ተሸከምኳት። ሳምንት ሳይሞላኝ ወገቤ እምቢ አለ። እሷን ማንሳት ሲያቅተኝ አምፖሉን አጥፍቼ አብሬያት ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። የልጅ ልጆችሽ ቴሌቪዥን ከለከለን ብለው ለእናታቸው ከሰሱኝ። ሌንሳም ከሥራ ስትገባ “አባባ፣ የመብራት ካርድ አለቀ እንዴ?” ትለኛለች። “እናትሽ ናት ያጠፋችው” እላታለሁ። ትስቃለች፤ ከዚያ ትንሽ ቆይታ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ደክሞኛል፣ ጫልቱዬ። ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ ሐሳብ ይበዛል። የምነታረከው ሰው የለኝም፤ አበባዋ ደግሞ ስሰድባት እንዳንቺ አትቆጣኝም።

ዛሬ ጠዋት ከላይ ያለችው ቅጠል ግርጌዋ ቀልቶ አገኘሁት። እንግዳው ከሄደ ቆየ፣ ሁዳዴም ገብቷል። ማን ይይልኝ? ብቻዬን ቆሜ “ቀላች!” አልኩሽ።

መጪው ኅዳር ማንም ሳይነግረኝ አስታውሳለሁ። እኔ እያለሁ እሷም አትጣልም፣ አንቺም አትረሺም። አሁን ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። ልነሳ፤ ወዳንቺ ለመምጣት አይደለም፣ አምፖሉን ለማጥፋት ነው።

ያው አብሻቂሽ