ለፈዋሿ ያዋስኳት አንደበትሽ

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አክስቴ በስልክ «ደረጃ መውጣት ትታለች» ስትለኝ፣ ትታለች ሳይሆን አቅቷታል ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። አንቺ ደረጃ የሚያሸንፍሽ ሰው አልነበርሽም። ዓይንሽስ? ይህን ደብዳቤ አክስቴ እንድታነብልሽ አትስጫት፤ ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። የቀረውን እያነበብሽ ትደርሽበታለሽ።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብለሽ እንደምታልፊ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም፤ እኔም አስረድቼሽ አላውቅም። የቪዲዮ ጨዋታ ነው የምንሠራው። ዘንዶ አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ የፈራረሰ ቤተ መንግሥት አለ። ተጫዋቹ ጎራዴውን ይዞ ያንን ሁሉ አገር ያቋርጣል። ብቻውን ግን አይደለም፤ ሁለት የመንገድ ጓደኞች ይከተሉታል። አንዱ «ጋሻ ያዥ» የምንለው ያረጀ ወታደር ነው፤ ሌላዋ ቁስል የምታክም ፈዋሽ ናት። ውጊያ ሲመጣ አብረውት ይዋጋሉ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ከኋላው እየተራመዱ ያወራሉ፤ ይተራረባሉ፣ ይነታረካሉ፣ ይኮራረፋሉ። እኔ የምጽፈው ያንን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሁለት ሰዎችን የመንገድ ወሬ ስጽፍ ኖርኩ።

ቀላል ሥራ ይመስላል። ችግሩ ወሬው የት ላይ እንደሚቆረጥ አለማወቅሽ ነው። ድልድይ ላይ የጀመሩትን ጨዋታ፣ ከዛፍ ጀርባ ሽፍታ ብቅ ካለ ይተዉታል፤ ውጊያው ሲያልቅም መልሰው አያነሱትም። ስለዚህ እያንዳንዷን መስመር የመጨረሻቸው እንደሆነች አድርገሽ ትጽፊያለሽ። ተጫዋቹ ከሮጠ ደግሞ ምንም አይሰማም፤ አብዛኛው ሰው ይሮጣል።

አንዱን እዚህ ላይ ልናዘዝ። ለፈዋሿ ያንቺን አንደበት ነው የሰጠኋት። አለቃዬ መጀመሪያ የሰጠኝ ወረቀት «ለስላሳ፣ ታጋሽ፣ ቁጥብ» ይላል። እንደዚያ አድርጌ ስጽፋት ሕይወት አጣች፤ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ቆማ ትቀራለች። አንድ ቀን መሮኝ፣ ወታደሩ ጎራዴውን ሲስል «እሱን ተወውና ጭንቅላትህን ሳለው፤ የዶለዶመው እሱ ነው» አስባልኳት። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ራሳቸው ይመጡልኝ ጀመር። «ስትራመድ ጉልበትህ ይንቋቋል፤ ጠላት ከሩቅ ይሰማናል» ትለዋለች። «ይስማ፤ ለሰው መዘጋጃ ጊዜ መስጠት ጨዋነት ነው» ይላታል። አንቺና አባዬ ቃል በቃል እንዲህ ትባባሉ ነበር አልልም። ግን ወጥ ቤት ሆናችሁ ስትሞጋገቱ፣ እኔና እህቴ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀን እንዳይሰማብን አፋችንን በእጃችን ይዘን ስንስቅ፣ እንደዚህ ነበራችሁ። ያ ቤት እንደዚያ ስቆ ያውቃል፤ አንቺ ብትረሽውም።

የጋሻ ያዡን ድምፅ እንዲሰጥ የተቀጠረው ተዋናይ ሥራውን በመሃል ጥሎ ሄደ። አለቃዬ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ፣ «ያ የሬዲዮ ድራማው ሰውዬ አባትሽ ነው አሉ፤ በሕይወት አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። መርሳት እንደጀመረው ግን አልነገርኩትም። አባዬ በዚያን ጊዜ ከጥግ ካለው ሱቅ ሲወጣ ቤቱ ይጠፋበትና ጎረቤት እጁን ይዞ ያመጣው ነበር። ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል። እኔን አንዳንዴ በአክስቴ ስም ይጠራኛል። ድምፁ ግን አልተነካም። ሰውዬው እየፈረሰ ድምፁ እንዳለ ቆሟል።

ወደ ስቱዲዮው ወሰድኩት። ረጅም ጽሑፍ ሲሰጡት መሃል ላይ ይጠፋበታል። ሰው አንዲት ነገር ከወረወረለት ግን ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ጣል ያደርግና ይመልሳል፤ አመላለሱን ብትሰሚው! ስለዚህ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከድምፅ ቀጂው ጎን፣ ማይክሮፎን ይዤ ተቀመጥኩና የፈዋሿን አነበብኩለት። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይመልስልኛል። ሰዎች ድምፄ ቁርጥ ያንቺ ነው ይላሉ። ቃሉም ያንቺ ነው። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

አሥር ቀን እንዲህ ሄደ። ደስ ብሎት ነበር እማዬ፤ አልደብቅሽም። ጠዋት ጠዋት ከረባቱን ራሱ ያስር ጀመር። ሸሚዙም በደህናው በኩል ሆነ። ድምፅ ቀጂው «ጋሼ» እያለ ወንበር ይስብለታል። እሱም ሲቀመጥ ሁልጊዜ ያቺኑ ቀልዱን ይደግማል፤ «ያቃሰተው ወንበሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» እያለ። በየቀኑ አዲስ ቀልድ ይመስለዋል፤ ልጁም በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቅለታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሆነውን ከመንገሬ በፊት ግን ወደ ኋላ ልመለስ።

«ለምን ከሱ ጋር ቀረሽ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። አንዴ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ፣ አንዴ በስልክ፣ አንዴ በአክስቴ በኩል። አንድም ቀን መልስ አልሰጠሁሽም።

እህቴን ትኩሳቱ የጣላት ቀን፣ እሷን ታቅፈሽ «ሩጪ! አባትሽ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ ይምጣ በይው» አልሽኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። ሬዲዮ ጣቢያው ስደርስ ከስቱዲዮው በር በላይ ቀይ መብራቱ በርቷል። ያ መብራት ሲበራ ትንፍሽ እንደማይባል ያስተማረኝ አባዬ ነው። ድራማው በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ሰዎቹ ስለሚያውቁኝ እንደ ሁልጊዜው ከመስታወቱ ጀርባ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። አባዬ አየኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ፈገግ አለልኝ። ያን ቀን ልጁን የሚፈልግ ንጉሥ ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ድምፁ ያምር ነበር እማዬ። እንዴት ያምር እንደነበር ምን ብዬ ልንገርሽ።

መብራቱ ሲጠፋ ወጣ። አብረን ወደ ቤት በረርን። ስንደርስ እህቴ አሁንም እቅፍሽ ውስጥ ነበረች፤ አንቺ ግን ማወዛወዝሽን አቁመሻል።

ለምን እንደዘገየ ስትጠይቂው ምን እንዳለሽ አትረሽውም። «ነግራኛለች፤ ክፍሉን ልጨርስ ብዬ ነው» አለሽ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አንቺ እኔን አላየሽኝም፤ እሱን ብቻ ነበር የምታዪው። ትዳራችሁ በዚያች ቃል አለቀ። ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አውርደሽ ለጎረቤት ሰጠሽ። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ቃል ሳትለዋወጡ ኖራችሁ፤ ከዚያ ሄድሽ። ነይ ስትይኝ ዓይንሽን ማየት አቃተኝና እሱ ጋ ቀረሁ።

አሁን ወደ አሥራ አንደኛው ቀን ልመለስ። የዕለቱ ጽሑፍ ቀልድ ነበር። ጋሻ ያዡ መንገድ ላይ ባደሩበት ቤት የባለቤቷ ትንሽ ልጅ ዳማ ተጫውታ አሸንፋዋለች፤ እሱ ግን ካደ። ፈዋሿ «አንተ ካልነገርከኝ ልጅቷን እጠይቃታለሁ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ልጅቷማ ትዋሻለች፤ በዚህ ዕድሜ ውሸት ያምራል» ብሎ ማሳቅ ነበረበት።

የፈዋሿን መስመር አነበብኩ። አባዬ ወረቀቱን አላየም። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገው።

«ልጅቷን አትጠይቂያት» አለ። የጋሻ ያዡ ድምፅ አልነበረም፤ የሬዲዮውም አልነበረም። የቤቱ ድምፅ ነበር፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው። «ነግራኛለች አልኩሽ እኮ። ክፍሉን ልጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ተያት።» ደግሞም «ይቅር አትይኝም ወይ?» አለ።

ድምፅ ቀጂው ጣቱን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ዞሮ አየኝ። አቁም ማለት ነበረብኝ። ወይም በሩን ከፍቼ ገብቼ፣ አባዬ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ማይክሮፎኑን ተጠግቼ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። በፈዋሿ ድምፅ፤ ማለትም ባንቺ። ሃያ ሦስት ዓመት ይዘሽ የኖርሽውን እኔ በሁለት ቃል አስረከብኩት። አባዬ ማዳመጫውን አውልቆ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «እንግዲህ ደህና ነው» አለ። ከረባቱን ፈታ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ስቱዲዮ ልወስደው ብል እሺ አላለኝም።

ልናዘዝልሽ የፈለግኩት ይህ ነው። ያንቺን ይቅርታ ሳላስፈቅድሽ ወስጄ ሰጠሁት። ብትረግሚኝም አልከፋም።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈለትን ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ያቺን «ነግራኛለች» የምትለዋን መስመር ግን ራሱ ነው የደረሳት። ሳይሳሳት ሃያ ሦስት ዓመት ያስታወሳትም እሷን ብቻ ነው።

አለቃዬ ቅጂውን ሰማና ዓይኑን ጠረገ። ማን ነው የጻፈው ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ጨዋታው ውስጥ ይግባ ተባለ። የፈዋሿን ድምፅ የምትሰጠው ተዋናይ መጥታ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለውን አሥራ አራት ጊዜ ደጋግማ አስቀረጸች። ምን አድርጓት ነው ይቅር የምትለው ብላ ስትጠይቀኝ «ዝም ብለሽ በይው» አልኳት።

ጨዋታው ወጣ። በመጀመሪያው ወር የደረሰን ቅሬታ አብዛኛው ስለ ሁለቱ ወሬኞች ነበር። ለፈለፉብን፣ ሽማግሌውን ዝም አሰኙልን የሚል። አለቃዬ ምንም ክፋት የለበትም፤ ሰው የጠየቀውን አደረገ፤ ጓደኞቹን ዝም የሚያሰኝ ምርጫ አስገባ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው አጠፋቸው። አሁን ከተጫዋቹ ኋላ እንደ ዲዳ ይራመዳሉ። ለሚቀጥለው ጨዋታ ጓደኛ አያስፈልግም ተባለና የእኔ ክፍል ተዘጋ። ሦስት ዓመት የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ዕቃ በአንድ ካርቶን ይዤ በአውቶቡስ ቤቴ መጣሁ።

አንድ ተጫዋች ብቻ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ያንን ቦታ ቀስ ብሎ ተራምዶ ሰምቶታል። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሽማግሌው እየዋሸ ነው። ልጅቷ አልነገረችውም። ሊሸፍንላት ነው፤ ድምፁን ልብ ብላችሁ ስሙት።» ሌላው ከሥሩ «ጨዋታ እኮ ነው ወንድሜ፣ አትጨናነቅ» ብሎ መለሰለት። ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቅጂውን በዚህች ትንሽ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። የሱን ድምፅ ዳግመኛ ላለመስማት መማልሽን አውቃለሁ፤ ስሚው አልልሽም። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አባዬ ተኝቷል። የምታየው ሐኪም «ከእንግዲህ ሲያወሩለት ይሰማ ይሆናል እንጂ ይመልሳል ብለሽ አትጠብቂ» ብላኛለች። ያለፈው እሑድ ከሰዓት ፊቱን አጥቤው ትራሱን ካስተካከልኩ በኋላ፣ የዚያን ቀን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኩት። ከሩጫው ጀምሬ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩትን፣ አፌ እንዴት ተሳስሮ እንደቀረ፣ ሁሉንም። ዓይኑን ገልጦ ሲያዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ፣ በዚያ በደህናው ድምፁ፣ «ጥሩ ነው፤ አሁን የኔ መስመር የትኛው ነው?» አለኝ።

የምሰጠው መስመር አልነበረኝም። ተራውን እየጠበቀ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም።

ነይ ብዬ አልጠራሽም። ብትመጪም አንቺነትሽን አያውቅም፤ እኔም ምን ይዤ ፊትሽ እንደምቆም አላውቅም። ጻፊልኝም አልልሽም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ምን እንደምታስቢ ገና ስጽፈው አውቄዋለሁ።

ፈጣሪ እንቅልፍ አይንሳሽ። ለምታውቂው ነገር የሚችል ልብ ይስጥሽ። እህቴ የተኛችበትን ስፍራ ስትጎበኚ፣ እኔ እዚያ መቆም ስላልቻልኩ፣ በእኔም በኩል ሰላም በያት።

የቀረሁልሽ ልጅሽ