ለስፌት የተላኩ ሽማግሌዎች

ካርቱም፣ ዴም
ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ሰልሰቢል፣

አሰላሙ አለይኩም። የካይሮ ብርድ እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ ያማርራል። የነርስነት ትምህርቴን ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ባሕሩን በጀልባ ልሻገር ነው ብለሽ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ልቆጣሽ አይደለም፤ የሉጥፊያን ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው።

ታውቂያታለሽ፤ ማዮ ሰፈር፣ አጎቷ ከቢር ቤት የምትኖረው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነዋ። ስፌት ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሷ እጇ የቀና አላየሁም። ኮሌታ ገጥማ ስታሳየኝ እኔው ራሴ የሰፋሁት መስሎኝ ከየት አመጣሽው አልኳት። አንዷን አሠሪዋ በዕረፍት ቀኗ በዓርብም አላስወጣ ብላት፣ ሌላዋ ሻይ መሸጥ ይሻለኛል ብላ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲቀሩብኝ ሉጥፊያ ካለች የማስተምርበትን ክፍል አልዘጋም እል ነበር። ከዚያ እሷም ቀረች። የአጎቷ ሚስት ወልዳ፣ ልጆቹን የሚይዝ ጠፍቶ ኖሯል።

ሄጄ ከቢርን ለመንኩት። ሴት ልጅ የምትማረውን እቤቷ ትማራለች ብሎ መለሰኝ። መቼም እኔ ወሎዬ ነኝ፤ እምቢ ያለ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ሼህ ሙሄዲንንና ሐጂ ጂብሪልን ለምኜ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ላክኋቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሻል ይሄ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ። ግቡ ሲባሉ፣ የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም አሉ። ጎረቤት ወጥቶ ከበባቸው። አራሷ ከውስጥ እልል አለች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት። ሰው ሁሉ ሉጥፊያ ለትዳር የተጠየቀች መስሎታል። ከቢርም ደስ ብሎት፣ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ሰጥቻለሁ ግቡ አለ። ሼህ ሙሄዲን የመጡት ወደ ስፌቷ እንድትመለስ ለመለመን መሆኑን ሲነግሩት ፊቱ ተለዋወጠ አሉኝ።

"ሽማግሌ ሆናችሁ ደጄ ላይ የቆማችሁት ለመርፌ ነው?" አላቸው። "ወላሂ፣ እልል ላለው ሰፈር አሁን ምን ልበል?"

ሰፈሩ ፊት ላለማፈር እልልታውን እውነት አደረገው። ገዳሪፍ ከተማ ሰሊጥ ለሚነግድ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ዳራት። ሰርጉ አልሄድም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ሄድኩ። እጇ እስከ ክንዷ ሒና ነው። ጎንበስ በይልኝ ብላ በጆሮዬ ተናገረች።

"እትዬ ሬሕማ፣ እመለስ ነበር እኮ። አራሷ እስክትነሳ ነበር የቀረሁት።"

ልጄ፣ አጎቷን ጠየቅሁ፣ ሽማግሌ ላክሁ፤ እሷን ግን አንድ ቀን ጠርቼ ለምን ቀረሽ አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ መቀስ ማንሳት አስጠልቶኛል። ጀምራ የተወችው ሸሚዝ አንድ እጅጌው ገብቶ፣ አንዱ ሳይገባ እሷ ትሰፋበት በነበረው መኪና ላይ አለ። ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩና መልሼ ተነሳሁ። ክፍሉንም ዘጋሁት። ሌላ ሴት ልጅ ነይ ተማሪ የምልበት አፍ የለኝም።

እዚያ ካይሮ ላሉት ዘመዶቻችን ደውዬ ያዙልኝ፣ ምከሩልኝ ልል ነበር፤ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺኑ ልጠይቅሽ። ለምንድን ነው የምትተዪው? ደክሞሽ ነው? የሰደበሽ ሰው አለ? ከደከመሽ አንድ ዓመትም ቢሆን እረፊና ተመለሺ፤ እኔ ቃል አይወጣኝም። ባሕሩን ግን ልለምነው አልችልም፤ ሽማግሌ ቢቆምበትም የወሰደውን አይመልስም።

አላህ እግርሽን ከየብስ አያንሳው። ክፉ መካሪ ደጅሽ ይጥፋው።

መልስሽን የምትጠብቅ እናትሽ፣
ሬሕማ